ሁመራ ሄዷል

ሰኞ፣ ኅዳር 26 ቀን 1998

ዛሬም «ለሥራ ሁመራ ሄዷል» የሚል ቅጽ መጣልኝ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሦስቱም ጣፊያ የሚያሳብጠው የካላዛር በሽታ ታማሚዎቻችን የነበሩ፣ ሦስቱም ጥናት የሚደረግበትን አጭሩን ሕክምና የወሰዱ፣ ሦስቱም ቅጾች በታደሰ እጅ የተሞሉ። ታደሰ የጤና ረዳታችን ነው። ከሆስፒታል የወጡ ታማሚዎችን በየቀበሌው በእግሩ እየዞረ የሚፈልግልን እሱ ነው።

መጀመሪያ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። ኮድ 5፣ «አካባቢውን ለቋል»። ከሰዓት በኋላ ግን ሻይ ቤቱ በር ላይ ጎረምሶች ተኮልኩለው አየሁ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ሬዲዮ፣ ፀሐይ ያከሰለው ፊት። ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሱ ናቸው። ሰው ሁሉ ከሁመራ እየተመለሰ የእኔዎቹ ብቻ ገና እየሄዱ ነው? ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል እኮ።

ስለ ደንቡ ልጻፍ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ስለሆነ። ጥናቱን የሚመራው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘንድሮ አንድ ወጥ የመረጃ አያያዝ ደንብ አውጥቷል። በጥናቱ ያለን ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በአንድ ዓይነት ኮድ እንሞላለን። ለአንድ ታማሚ አንድ ቁጥር። ባዶ ቦታ የለም። መጨረሻው ከአምስት አንዱ ነው፤ ድኗል፣ አገርሽቶበታል፣ ሞቷል፣ ጠፍቷል፣ አካባቢውን ለቋል። ሌላው ሲያጉረመርም እኔ ወድጄዋለሁ። ድሮ አንዱ «ደህና ነው» ይጽፋል፣ አንዱ «ይሻለዋል»፣ አንዱ «እግዜር ያውቃል»። እግዜር የሚያውቀውን እኛ ካላወቅነው ምኑን ተመራመርነው?

ታደሰን ጠርቼ የመጀመሪያውን ቅጽ ፊቱ አስቀመጥኩ። ሞላ የሚባለው ታማሚ ነው። ሞላን አስታውሰዋለሁ፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ከበሮ መስሎ መጥቶ በየካቲት እየሳቀ የወጣ ልጅ ነው። በነሐሴ ተመልሶ መታየት ነበረበት፣ ቀድሞ ለሰሊጥ አረም ሁመራ ወረደ። ማንን ጠየቅህ አልኩት። አባቱን። ምን አለህ? ሁመራ ነው አለኝ። አንተስ ምን ታውቃለህ? ስለው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ሲስተር፣ እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም» አለኝ በመጨረሻ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የቀረውን እሱ ነገረኝ። ሞላ በጥቅምት እዚያው ሁመራ ሞቷል። አብረውት የወረዱ ልጆች ለአባቱ ብቻ ነግረው ምለዋል። ሚስቱ አበሩ ቀኗ ደርሷል፣ አልሰማችም። እስክትወልድ እንዳትሰማ ቤተሰቡ ተማምሏል። ታደሰ ቤቱ ሲደርስ እሷ ደጃፍ ላይ እህል ታሰጣ ነበር። አባቱ በዓይኑ ለመነው፣ በአፉ «ሁመራ ነው» አለው፤ እውነቱን ከደጅ ወጥቶ ሲሸኘው ነው አስምሎ የነገረው። ታደሰም ደጃፉ ላይ የሰማውን ጻፈ።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። እኔ ብሆንስ ምን እጽፍ ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 27

ገበያ ነው። የሞላ አባት አቶ ወልዱ ማር ይዘው ከተማ እንደሚወጡ ታደሰ ያውቅ ነበርና ይዟቸው መጣ። ክፍሌን ዘጋሁ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደ ወትሮው ተከናንበዋል፤ የኀዘን አለባበስ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ወንድ ልጃቸው ሞቶ እንደ ሰላም ሰው ገበያ ወጥተዋል።

ታደሰን በኽምጥኛ፣ በዋግ አገውኛ፣ የሆነ ነገር ጠየቁት። ሰማሁት፤ እናቴ በኽምጥኛ ነው ያሳደገችኝ። «ይቺ ሴት ምሥጢር ትችላለች?» ነበር ያሉት። በራሳቸው ቋንቋ «እሞክራለሁ አባቴ» ስላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። በመስከረም ትኩሳቱ ተመለሰበት። ጣፊያው አበጠ። አሠሪው ሐኪም ቤት ላድርስህ ቢለው አጨዳው ይለቅ ብሎ ቆየ። ደም ከአፍንጫው ፈሰሰው። እዚያው ቀበሩት።

በሽታው ከአጭሩ ሕክምና በኋላ ተመልሶ ገድሎታል ማለት ነው። ይህ መጻፍ አለበት፣ ቃልዎን ይስጡኝ፣ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉልኝ አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

«ልጄ፣ ወረቀት ይዞራል። ዛሬ አንቺ ጋ ነው፣ ነገ ቀበሌ ነው፣ ከነገ ወዲያ አንዱ ጮሌ ደጄ ቆሞ ያነበዋል። እሱን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ምራቴንና በሆዷ ያለውን ተዉልኝ።»

እርስዎ ተሳስተዋል አልል ነገር፣ ወረቀት እንደሚዞር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። ማሩን ሳይሸጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የምነግድበት ልብ የለኝም ብለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 28

ዶክተር ዮናስን በስልክ አገኘሁት። የጥናቱ ተቆጣጣሪ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሐኪም። ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ሦስት ጊዜ ተቀጠለ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ስም ሳልጠራ፣ በቁጥሩ።

ያለው በአጭሩ፦
በወሬ ብቻ «ሞቷል» ብለሽ አትሙዪ።
የቅርብ ቤተሰብ ቃል ከነፊርማው ያስፈልጋል።
ከዚያም ተቆጣጣሪው ቤት ድረስ ሄዶ ያረጋግጣል።
ነገ እመጣለሁ፣ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።

ማንን ነው የምንጠይቀው ብዬ ጮህኩበት። ስልኩ ስለማያሰማ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

እሱም ግን መሠረት አለው። በሚቀጥለው ሳምንት የጥናቱ ኮሚቴ ይሰበሰባል። አጭሩ ሕክምና ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ የሚወሰነው ያን ቀን ነው። ኮድ 5 የተሰጠው ሰው ከስሌቱ ይወጣል። አልዳነም፣ አልሞተም፣ እንዳልታከመ ነው የሚቆጠረው። «እንዳንቺዎቹ ያሉ ሌላም ቦታ ቢኖሩስ?» አለኝ። ሆስፒታሉ ሁሉ በራሱ መንገድ ይጽፍ በነበረ ጊዜ ይኸው ነው የሆነው፤ ሞት በየሰዉ ትሕትና ውስጥ እየተደበቀ መድኃኒቱ ጥሩ ሲባል ኖረ አለ። ይቺ አነጋገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

ማታ ተረኛ ስለነበርኩ ዋርዱን ዞርኩ። አልጋ ላይ ሲሳይ አለ፣ ከሰሃላ የመጣ፣ አጭሩን ሕክምና ሊጨርስ ጥቂት መርፌ የቀረው። ሲስተር ለገና ቤቴ ነኝ አይደል አለኝ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል። አዎ አልኩት። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እዚያ አበሩ፣ እዚህ ሲሳይ። ለአንዷ ዝም ካልኩ ሌላው ላይ እፈርዳለሁ። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 29

ዶክተር ዮናስ ገባ። መኪናው ሁለት ቦታ ጎማ ተንፍሶበት፣ ራሱ አቧራ ለብሶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ። እንደጠበቅኩት አልነበረም። ጦር ልወረውርበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሲያስል ሳየው ውሃ አመጣሁለት።

ቢሮዬ ተቀምጠን ተከራከርን። እናንተ ከላይ ሆናችሁ ሰዉን አታዩትም አልኩት። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አወጣ። አባቱ የሞተው እሱ ማትሪክ ሊፈተን ሲል ነው። ፈተናው እስኪያልቅ ዘመድ ሁሉ ደበቀው፤ ሳቁበት፣ አበረታቱት፣ አባትህ መስክ ወጥቷል አሉት። ጨርሶ ሲወጣ በር ላይ ጠብቀው ነገሩት። «እስከ ዛሬ ያን ሳቃቸውን ይቅር አላልኩም» አለኝ። «መደበቅ ደግነት ነው ስትሉኝ እኔ አላምንም።»

እሱ ወንድ ልጅ ነበር፣ በሆዱ ሰው አልያዘም ማለት ፈለግሁ፣ ግን አላልኩም።

የተስማማነው ይህን ነው። ነገ እንሄዳለን። አባትየውን ብቻ ለብቻ እናነጋግራለን። አበሩ ካለች ስለ ሞላ አንድ ቃል አይወጣንም። እሱ ማለ፣ እኔም ማልኩ። ታደሰ ጥግ ቆሞ ነበር፣ እሱ አስቀድሞ ምሏል።

ዓርብ፣ ኅዳር 30

እግሬ ነድዶ ነው የምጽፈው። በጨው ውሃ ነክሬዋለሁ።

መኪናው እስከሚችለው ወሰደን፣ የቀረውን በእግር። ከሰቆጣ ዙሪያ ወጥተን ወደ ጽጽቃ የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዘን፣ ገደል ወርደን፣ አሸዋ ተሻግረን። ዶክተሩ ጫማው ላጠው፤ ምንም አላጉረመረመም።

ያሰብነው ሁሉ ደጃፉ ላይ ፈረሰ። አባትየው እርሻ ናቸው። ቀድማ ያየችን አበሩ ናት። ሆዷን በእጇ ደግፋ እየሳቀች ወጣች።

«የሐኪም ቤት ሰዎች! ሞላን ፈልጋችሁ ነው? ሁመራ ነው፤ ለገና ይመጣል። ደህና ነው፣ ጣፊያው ጠፍቶለታል፣ እናንተ እግዜር ይስጣችሁ።»

ታደሰ ዞሮ ከብት የሚቆጥር መሰለ። ዶክተር ዮናስ ቅጹን ይዟል፣ እስክሪብቶው በእጁ ነው። እሷ ወደ እሱ ዞረችና በትሕትና ጠየቀችው። ባሌ የወሰደው መርፌ በሆዴ ላለው ምንም አያደርገውም? ሰዎች ያስፈራሩኛል አለችው።

እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ ሲመልስ አየሁት። ምንም አያደርገውም እህቴ፣ የመጣነውም አንቺን ልናይ ነው አላት። እንግዲህ እሱም ዋሸ፣ ያ ይቅር የማይለው ሰውዬ። ግን ሲያያት ውሸቱ እውነት ሆነ። እግሯ አብጧል፣ ፊቷም። ደም ግፊቷን ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። ክፉ ነው። ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል አለች፣ የሥራ ብዛት መስሏት። ነገ ዛሬ ሳትይ ሆስፒታል መምጣት አለብሽ አልኳት። ሞላ ሳይመጣ? አለች። ሳይመጣ አልኳት።

አቶ ወልዱን እርሻ ላይ አገኘናቸው። መጀመሪያ የምራታቸውን ነገር ነገርናቸው። መሬት ላይ ተቀመጡ። «እሷንም?» አሉ፣ ይህን ብቻ። ነገ በቃሬዛ ትመጣለች ተባባልን፤ የመንደሩ ጎልማሶች ይሸከማሉ።

ስንለያይ ዶክተሩ በለዘበ ድምፅ ጠየቃቸው። አባቴ፣ ፍትሐት እንዴት አደረጉለት፣ ያለ ፍትሐት ነው የቀረው? አላቸው። እንደ ሰው ነው የጠየቀው፣ ለቅጹ አልነበረም። እሳቸውም እንደዚያው መለሱ። በአጥቢያቸው ቢያስፈቱት ደወሉን እሷ ትሰማለች። ስለዚህ ወንዝ ተሻግረው ከማዶ ደብር፣ ማንም ከማያውቃቸው ቄስ ዘንድ ሄዱ። አርባውንም እዚያው ብቻቸውን አወጡለት። ድግስ የለ፣ ሰው የለ። ቄሱና እሳቸው።

ዶክተር ዮናስ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። ከቤተሰቡ ውጪ ቀኑን የሚያውቅ ሰው አለ።

ወንዙን ተሻገርን። ቄሱ ዋርካ ሥር አገኙን። ታደሰ ጉዳዩን አስረዳቸው፤ ሁመራ ሞቶ እዚህ ስለተፈታው ሰው ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው አላቸው።

«የትኛውን?» አሉ ቄሱ።

ደነገጥን። የምትሉት የትኛውን ነው ብለው ደገሙት። ከሩቅ አጥቢያ እየመጡ በስውር የሚያስፈቱ አሉ አሉን፤ አንዱ ሚስት አራስ ናት ይላል፣ አንዱ እናቱ ልቧ ደካማ ነው ይላል። የሞላን ነገሩን፤ በጥቅምት፣ በአቦ ዕለት ሞተ ተብሎ ነው የተፈታው። ከዚያ የሌላ ስም ጠሩ። ኪሮስ። የሁለተኛው ቅጼ ባለቤት። ሦስተኛውን አያውቁትም፤ እሱ ምናልባት እውነትም ሁመራ ነው።

ስንመለስ ማንም አልተናገረም። ኮድ 5 ብዬ ያለፍኳቸው ሰዎች አፈር ለብሰው፣ ጸሎት ተደርሶላቸው፣ አርባቸው ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 1

ጠዋት ዶክተሩ ስልክ ላይ ነበር። ከአለቆቹ ጋር ረጅም ክርክር። በመስኮት አየዋለሁ፤ እጁን ያወናጭፋል። ሲወጣ እንዲህ አለኝ። ኮድ አይጨመርም፣ በራስሽ ቃል መጻፍም የለም፣ ደንቡ ደንብ ነው። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምስክሮች ያንኑ የሞት ቀን ከተናገሩ ይበቃል። የቤት ለቤቱ ማረጋገጫ ደግሞ ምክንያቱ ተጽፎ እንዲዘገይ ፈቅደዋል። «ቤተሰብ ገና አልተረዳም፣ ቤት እንዳይኬድ» ተብሎ በጉልህ ይጻፋል።

የቄሱን ቃል ትናንት ወስደናል። የቀረው የአባትየው ጣት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቃሬዛው ደረሰ። አበሩን ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገባናት። ምጡ መንገድ ላይ ጀምሯታል። የግፊቱን መርፌ ሰጠን፣ መብራቱን ቀነስን፣ ሰው እንዳይጮህባት አዘዝን።

አቶ ወልዱ ደጅ ቆመዋል። ጠርቼ የሚላከውን ቅጽ አሳየኋቸው። ማንበብ አያውቁም፤ በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳቸው። ይኸ የሚዞረው ወረቀት ነው። ስም የለበትም፣ አጥቢያ የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆነ የሚያሳየው እዚህ የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው። ደንቡ ያዘዘው እንዲህ ነው፤ አንድ ጮሌ ቢያነበውም ሞላን አያገኘውም።

«ስም ከሌለበት የማን ሞት ነው እንግዲህ?» አሉኝ።

የሲሳይን ነገር ነገርኳቸው፣ እሱንም ስሙን ሳልጠራ። አንድ የሰው ልጅ እዚህ ተኝቷል፣ የሞላን መድኃኒት እየወሰደ ነው፣ የሞላ ነገር ካልተነገረ እሱም እንደ ሞላ ይሄዳል አልኳቸው። ጣታቸውን አወጡ። ቀለሙን ነክተው ቅጹ ላይ አሳረፉልኝ።

5ን ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ 3 ጻፍኩ። ሞቷል። ለኪሮስም ዶክተሩ ታደሰ አፈላልጎ ካመጣው አጎቱ ቃል ወሰደ፣ ያንንም ጻፍኩ። ሦስተኛውን ታደሰ ሄዶ እስኪያጣራ ክፍት ተውነው። ዶክተር ዮናስ ቅጾቹን ይዞ ወጣ። መኪና ውስጥ ሆኖ ስለ እሷ ደውዪልኝ አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 2

ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን።

አሁን ቀስ ብዬ ልጻፈው። ሌሊቱ ቀላል አልነበረም፣ አስፈርታናለች። አንድ ጊዜ ዓይኗ ሲገለበጥ ሄደች ብዬ ነበር። ምጡ ጋብ ሲልላት እጄን ይዛ የምታወራው ስለ ሞላ ነው። እዚህ ነበር አይደል የተኛው? የትኛው አልጋ ላይ? ከመስኮቱ ሥር አልኳት፤ ይህ እውነት ነው። ወንድ ከሆነ ስሙን እሱ ያወጣል አለች። ሴት ከሆነችስ አልኳት። ሴት ከሆነችም እሱ አለች። እሺ አልኳት። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ እሺ ብዬ አላውቅም።

ንጋት ላይ ሕፃኗ አለቀሰች። አብረዋት የመጡት ሴቶች ሦስት ጊዜ እልል አሉ። አቶ ወልዱ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሴቶቹ በደስታ ነው ብለው ሳቁባቸው፤ ለሴት ልጅ እንዲህ ከሆኑ ለወንድ ምን ሊሆኑ ነው አሉ። እሳቸውም በሳቁ ውስጥ ተደብቀው ይበቃኛል እስኪሉ አለቀሱ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት ማልቀስ የቻሉት ዛሬ ነው።

ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። እናቴ ለምሳ ልትቀሰቅሰኝ ሞክራ ትታኛለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

ዶክተር ዮናስ ደወለ። ኮሚቴው አጭሩን ሕክምና አቁሞታል። የእኛዎቹ ብቻ አይደሉም፤ እኛ ከላክነው በኋላ ሌሎቹም ሆስፒታሎች «አካባቢውን ለቋል» ያሉትን እንደገና እንዲፈትሹ ታዘዙ፣ ከእነሱም ተገኘ። አሁን በሕክምና ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ረጅሙ ይዛወራሉ።

ለሲሳይ ነገርኩት። ተቆጣ። ለገና ቤትህ ነህ አላልሽኝም ነበር? የሰው ቃል እንዲህ ነው? ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ እራቱንም መለሰ። ምንም አልመሰለኝም። ይቆጣ። በጤናው ይቆጣ።

አበሩ ዛሬ ወጣች። ግፊቷ ወርዷል። ስትወጣ ሞላ ሲመጣ ይዤው እመጣለሁ፣ ልጁን ታቅፎ ታዩታላችሁ አለችን። እኔ ድንገት ሥራ በዛብኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

አቶ ወልዱ ለገበያ መጥተው ነበር፣ ያለ ማር። መርዶው ነገ ማለዳ ነው አሉኝ። አራስነቷን እስክትጨርስ ልናቆያት ፈልገን ነበር፣ አልተቻለም። የሁመራ ልጆች እየገቡ ነው፤ አንዱ ሰክሮ ሊያፈነዳው ይችላል። በመንደር ወሬ ከምትሰማ በወጉ ትስማ ብለን ሽማግሌ ተማከርን። አንቺ ነይልን፣ ልቧ ቢጠፋ የሚያስታምም ይኑር አሉ። የኪሮስም ወገኖች ለእናቱ ቀን ቆርጠዋል።

ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። ቦርሳዬን አዘጋጅቻለሁ። ዛሬውኑ ከእሳቸው ጋር ወርጄ ከመንደራቸው ጎረቤት ቤት አድራለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 19

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ደጁን ሞሉት። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። አበሩ በር ከፍታ አየቻቸው። ሰው እንደዚያ በማለዳ ተሰብስቦ ለምን እንደሚቆም የማያውቅ የለም። ሕፃኗን ያስረከበችው ለእኔ ነው፣ አጠገቧ ስለነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። የጻፍኩት ሁሉ ያሳንሰዋል።

ልቧ አልጠፋም። ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ደህና ነው። መድኃኒቴን ሳልከፍተው ዋልኩ።

እኩለ ቀን ገደማ ለቀስተኛው ጋብ ሲል ጠራችኝ። ድምፅዋ አልቋል። አንቺም ታውቂ ነበር? አለችኝ። አዎ አልኩ። ያን ዕለት እጄን ይዘሽ? አዎ። እናንተ ጋ ተጽፏል? አለች። ተጽፏል አልኩ። መቼ? ልዋሻት አሰብኩ፣ ከዚህ በኋላ ግን ለእሷ አልዋሽም። ልትወልጂ የመጣሽ ቀን አልኳት።

«እንግዲያ ወረቀቱ ከእኔ ቀድሞ ሰማ» አለች።

የሲሳይን ነገር ልነግራት ፈለግሁ፤ ባልሽ ስንት ሰው እንዳተረፈ ታውቂ ይሆን ልላት። አላልኩም። ዛሬ የእሷ ቀን ነው፣ የእኛ አይደለም። እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ ቀድሟታል፣ ያስቀደምኩትም እኔ ነኝ። ይህን በማድረጌ አልጸጸትም፣ ፊቷን ማየት ግን አቃተኝ።

ሕፃኗ ማልቀስ ስትጀምር ከእጄ ተቀበለችኝና ጡት ሰጠቻት። ቦርሳዬን አንስቼ ልውጣ ስል ቀና ሳትል «እህል ሳትቀምሺ አትሄጂም» አለችኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይም ወጉ ስለሆነ ብቻ፣ አላወቅሁም። ተመልሼ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩና በላሁ።